ስፕሬይ ፎም በአዋሽና በሰመራ የመኖሪያ ቤቶች

ስፕሬይ ፎም ሁለት ፈሳሽ ኬሚካሎች በመርጫው አፍ ላይ ተገናኝተው በሰከንዶች ውስጥ የሚነፉበትና በተረጩበት ጣሪያ ወይም ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚደርቁበት የሙቀት መከላከያ ነው። አንደኛው ፈሳሽ አይሶሳያኔት፣ ሁለተኛው ፖሊዮል ይባላል፤ ውጤታቸው ፖሊዩሪቴን ነው። ፖሊዩሪቴንን እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ሌቨርኩሰን ውስጥ ሠሩት። ለቤት መከላከያነት በስፋት የተፈለገው ግን የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ የማሞቂያን ወጪ ካናረ በኋላ ነው። በብርድ አገር የቤቱ ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል፤ በአፋር ቆላ ደግሞ የውጭው እንዳይገባ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ከፍታ ላይ፣ የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ሰመራ ደግሞ በ430 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በሰመራ የሰኔ ቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 እና በ12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆኑ የቀትር ፀሐይ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ለአናት ትቀርባለች። ስለዚህ ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ነው የሚመታው፤ ለመከላከያ የሚወጣ ገንዘብም ከሁሉ በፊት ጣሪያው ላይ መዋል አለበት።

በሁለቱም ከተሞች ከተለመዱት ቤቶች አንዱ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። ቆርቆሮ በቀትር ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ሙቀቱን በቀጥታ በሰው አናት ላይ ያወርደዋል። ክዳኑ 65 ዲግሪ፣ ክፍሉ 30 ዲግሪ ነው ብንል፣ በባዶው ቆርቆሮ በኩል በካሬ ሜትር 200 ዋት ያህል ሙቀት ይገባል። ከቆርቆሮው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ፎም ሲኖር ይህ ወደ 17 ዋት ይወርዳል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላለው ቤት ልዩነቱ ከ7 ኪሎ ዋት ይበልጣል፤ ይህ ከአንድ ትልቅ ኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም ጋር የሚስተካከል ነው።

ፎሙ ሁለት ዓይነት ነው። ልስላሴ ያለው ክፍት ሕዋሱ በኪዩቢክ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዝግ ሕዋሱ 32 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ በተመሳሳይ ውፍረት ሙቀትን አብልጦ ያግዳል። ቦታ በሚጠብበት የቆርቆሮ ጣሪያ ሁለተኛው ይመረጣል።

የፎሙ ጥቅም ግን እንደ ቤቱ አኗኗር ይለያያል። ፎም ስንጥቁን ሁሉ ስለሚደፍን ኤሲ ለሚሠራበት ቤት የመብራት ወጪን በእጅጉ ይቀንሳል። ኤሲ ለሌለው ቤተሰብ ነገሩ ሌላ ነው። ቀን ሲግል የዋለው የብሎኬት ግድግዳ ማታ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይለቃል፤ ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ የተወሰነውን ይወስድ ነበር፤ ፎም ይህን መንገድ ይዘጋል። እንዲህ ባለው ቤት ፎሙ ጣሪያው ላይ ብቻ ተወስኖ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ሌሊት መከፈት አለባቸው። የታፈነ ቤት ሌላም አደጋ አለው። ቡና የሚፈላበት ከሰል አየር በማይወጣበት ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል፤ ይህ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ስለዚህ ፎም የተረጨበት ቤት የአየር መውጫ ሊኖረው፣ ከሰሉም ውጭ በረንዳ ላይ ሊነድ የግድ ነው።

የአፋር አርብቶ አደሮች ቤት፣ አሪ፣ ችግሩን በሌላ መንገድ ፈትቶታል። ሴቶች የሚተክሉት ይህ ቤት ከጎበጡ እንጨቶችና ከዘንባባ ሰሌን የተሠራ ነው፤ ሰሌኑ ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ የሚያጠራቅመው ሙቀትም ጥቂት ነው። ሲፈለግ ተነቅሎ በግመል ይጫናል። የአዲስ ቤት ነዳፊ ከዚህ ጥላንና ነፋስን ቢወስድ ይጠቀማል፤ ሰፊ በረንዳና ከዋናው ክዳን በላይ የሚዘረጋ ሁለተኛ ክዳን ከፎም ጋር አይጋጩም። ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮም ብዙውን የፀሐይ ጨረር ይመልሳል፤ ዋጋውም ከፎም በጣም ያነሰ ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራው ርካሽ ኮርኒስ እንኳ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ጨረር ይጋርዳል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ቆላው ለሥራው ራሱ ፈተና ነው። የኬሚካሉ በርሜሎች ከ27 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እንዲቀመጡ አምራቾች ያሳስባሉ፤ በሰመራ ይህ ማለት ቀዝቃዛ መጋዘን ማለት ነው። የጋለ ቆርቆሮ ላይ ፎም በደንብ ስለማይይዝ ርጭቱ በማለዳ መሠራት አለበት። ኬሚካሎቹ ሲዋሃዱ ሙቀት ያመነጫሉ፤ ስለዚህ ዝግ ሕዋሱ ፎም በአንድ ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተረጨ ውስጡ ሊከስል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ለጥድፊያ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። አይሶሳያኔት ለሚሠሩበት ሰዎች አስም ሊያስይዝ ይችላል፤ ረጪው ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ጭምብል ያስፈልገዋል፣ ነዋሪውም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከቤቱ መራቅ አለበት። የደረቀው ፎም ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ስላለው ወደ ክፍሉ የሚያየው ገጹ በጂፕሰም ቦርድ ይሸፈናል። ፀሐይ ካገኘውም ይፈረፈራል። ከቆርቆሮው ጋር ስለሚጣበቅ ክዳኑን ነቅሎ ሌላ ቤት ላይ ማዋል ያስቸግራል።

በአንጻሩ የፎም ክብደት ቀላል መሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት በዚህ አካባቢ ጥቅም ነው። የአዋሽ ሸለቆ የስምጥ ሸለቆ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሰመራ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው የሰርዶ መንደር በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። በዚህ ምድር ሙቀትን በወፍራም የአፈር ጣሪያ መከላከል ሞትን ከአናት በላይ ማስቀመጥ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር አፈር በካሬ ሜትር ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። 5 ሴንቲ ሜትር ዝግ ሕዋስ ፎም ግን 1.6 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።