ዜና ኪነት ወመንግሥት፤ ከ1953 እስከ 1967 ዓ.ም.

በጎንደር ነገሥታት ከተማም ሆነ በመካነ ብርሃንና በስሜን ደጋዎች ሁሉ የዘፈን ባለቤት አዝማሪው ነበረ፤ አዝማሪ ማለት መሰንቆ እየመታ ጌታውን የሚያወድስ፣ በሰምና ወርቅ፣ ይኸውም ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ በሆነ ቃል፣ ያንኑ ጌታ የሚገሥጽ ባለሙያ ነው። ኢጣልያኖች፣ በአዲስ አበባ በገዢያቸው ላይ ቦምብ ከተጣለበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር እንዲገደሉ ያዘዙት፣ የአርበኛው ወሬ በእነርሱ አፍ ከአገር አገር እንደሚዛመት ስላወቁ ነው።

ራስ ተፈሪ፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የመለከት ባንድ አድርገው ካስመጡ ወዲህ ግን ዘመናዊው ሙዚቃ የመንግሥት ሆነ፤ ከነፃነት በኋላም ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊሱ እያንዳንዳቸው ደንብ ልብስ ለባሽ፣ ደመወዝተኛ ኦርኬስትራ አቆሙ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጥቁሮች ለመብታቸው ሲነሡ ዘፋኙ በሸክላ ነጋዴ ውል አድሮ አብሯቸው ይዘፍን ነበረ፤ የኢትዮጵያው ዘፋኝ ግን ወታደር ነበረና የአዛዡ ዕጣ የእርሱም ዕጣ ነበረ።

በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ 4 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በአሜሪካ ከተማረው ወንድማቸው ከግርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ፤ በጥቂት ቀንም ከሸፈ፣ የክብር ዘበኛው ኦርኬስትራ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠም ታሰረ። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ገብተው እስከ ጎንደር ተመደቡ፤ በአሥመራም የቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካውያን በራዲዮ የአገራቸውን ዘፈን ያሰሙ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ፤ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ደግሞ በግቢያቸው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት የባህል ወረራ ነው ብለው አወኩ።

ተማሪዎቹ ስለ መሬትና ስለ ድኃው የተናገሩት እውነት ነበረ፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ሁሉ ወረራ አለመሆኑን ግን ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎኑ አሳይቷል። እርሱ በዚያ የናስ መሣሪያ የነፋው ሽለላን ነውና፤ ሽለላ ዘማች ጦር ሜዳ ሳይገባ ራሱን የሚያነሣሣበት፣ ጠላቱን የሚያስፈራራበት የደገኛ ጩኸት ነው፤ ጌታቸው ትንፋሹን እያንቀጠቀጠና እየቆረጠ ፎካሪው ሲያቅራራ የሚያወጣውን ድምፅ በናሱ አስገኘ፤ ከደጋ የወረደ ሰው ቢሰማውም ያለ አስተርጓሚ የሚያውቀው ነበረ።

በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራውን ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ቀርጾ በውጭ አገር አሳተመና ሸጠ። ዘፈን ከመንግሥት እጅ የወጣው በዚህ ድፍረት ነው። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች መሪ ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱም ወታደሮች ግቢ ገብተው ተኮሱ። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ አሜሪካዊው የጃዝ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በአዲስ አበባ ከንጉሠ ነገሥቱ ሜዳሊያ ሲቀበል፣ የወሎ ሕዝብ በረኃብ ያልቅ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። የሰዓት እላፊ ታወጀና የሌሊት ቤቶች ገበያ ተዘጋ፤ ሳንሱሩም ከቀድሞው ይልቅ ጠበቀ። አምሃም ሸክላ ማሳተሙን ትቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።