«አሩሲ» እና «አርሲ»፦ የጽሑፍና የተናጋሪ ምስክርነት

የቦታና የሕዝብ ስም መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ «የትኛውን ምስክር ልመን?» የሚል ነው። ልማዳችን ዕድሜው የገፋውን ጽሑፍ ማስቀደም ነው። የአርሲ ደጋ ግን ይህን ልማድ እንድንመረምረው ያስገድደናል።

የጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የተካሄደውን የአርሲን ዘመቻ ይተርካል፤ በአማርኛ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። ጸሓፊው የቤተ መንግሥት ሰው ናቸውና ቤተ መንግሥቱ ስላሰበውና ስለ ተናገረው ዐቢይ ምስክር ናቸው። የአገሩ ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ግን ሌላ ነገር ነው። «አሩሲ» የሚለው አጠራር በጠቅላይ ግዛቱ ስም ጸንቶ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ቆየ። ደብዳቤው ሁሉ ስለ ደጋገመው ምስክሩ አልበዛም፤ ያው አንዱ ተገለበጠ እንጂ።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የኦሮምኛ ይፋ ጽሕፈት የሆነው ቁቤ በዕድሜ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በ«ር» እና በ«ስ» መካከል «ኡ» አያስገባም። የ«አሰላ»ንም «ል» አጥብቆ ይጽፋል፤ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ይህን ከገጹ አናገኘውም። (ስሙን «ሒሳብ አሰላ» ከሚለው ግሥ ጋር ለማዛመድ የሚቃጣው ቢኖር፣ የፊደል መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ አይደለም።) ስለዚህ ስለ ድምፁ የምንሰማው በጭላሎ ግርጌ የሚኖረውን ተናጋሪ ነው።

«አሩሲ» ከመዝገብ ይፋቅ አላልንም። አሮጌ ሰነድ የሚተረጉም ሰው ቃሉን በዝምታ ቢያርመው የአስተዳደሩን ቋንቋ ማስረጃ ያጠፋል፤ በራሱ ጽሑፍ ቢጠቀምበት ደግሞ ሕዝቡን ባላወጣው ስም ይጠራል። በእኛ አስተያየት መሪ ቃሉ «አርሲ» ይሁን፤ «አሩሲ» ከነዘመኑና ከነምንጩ በሥሩ ይስፈር።