የአበበ ክንዶች

ባለፈው ክረምት ከታክሲ ስወርድ ጭቃ አንሸራተተኝና ወደቅኩ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ተነስቼ ልሄድ ስል እግሬ አልታዘዝ አለ። ተሰብሮ ኖሯል። ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ከረምኩ። ጀሶው ሲፈታ ያየሁትን እግር የራሴ ነው ብዬ ለመቀበል ጊዜ ወሰደብኝ፤ ጭኔ ሟሙቶ የልጅ ጭን መስሏል። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና፣ «ጋሼ፣ አጥንቱ ገጥሟል። የቀረው ጡንቻው ነው። ብረት ማንሳት ይኖርብዎታል» አለኝ።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያነሳሁት ከባድ ነገር ቢኖር የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ነው። ቢሆንም የሐኪም ትእዛዝ ነውና ሰፈራችን ወዳለችው ጂም ሄድኩ። ድሮ ጋራዥ የነበረች ክፍል ናት። ግማሹ ዕቃ ብረት፣ ግማሹ ደግሞ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ነው፤ ልክ በልጅነታችን ጎረምሶቹ በየጓሮው እንደሚያነሱት። ግድግዳው ላይ ጡንቻቸው እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ፈረንጆች ተለጥፈዋል። በመሀላቸው በባዶ እግሩ የሚሮጠው አበበ ቢቂላ አለ። ልጄ ሊሆን የሚችለው አሠልጣኝ ወደ ፎቶው እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ እሱን እያዩ ይሥሩ! ወኔ ይሰጥዎታል» አለኝ።

አየሁት። የተባለው ወኔ አልመጣም። ሰውየው አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር እየሮጠ፣ እኔ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሁለት ኪሎ ታስሮልኝ እግሬን ከወለሉ ለማንሳት እንቀጠቀጣለሁ። ከመበርታት ይልቅ አፈርኩ። በሦስተኛው ሳምንት እየቀረሁ መጣሁ፤ ዛሬ ዘነበ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ እያልኩ።

ቤት ተቀምጬ ሳስበው ግን ጥፋቱ የፎቶው መሆኑ ታየኝ። ያ የ1960 አበበ ነው (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆነው የ1969ኙ ነው።

መጋቢት 1969 ሌሊት፣ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠችና ውስጧ ተያዘ። በሳምንቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል የሚባል ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ ላይ አንገቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ያህል እዚያ ቆየ። ክንዶቹ ተመለሱለት። እግሮቹ፣ ያ ሁሉ ዓለም ያጨበጨበላቸው እግሮች፣ አልተመለሱም።

የገባበት ቦታ ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም በ1944 የአከርካሪ ጉዳት ክፍል የከፈተበት ነው። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተጎዳ ሰው ብዙ አይቆይም ተብሎ ወደ ጥግ ይገፋ ነበር፤ እውነትም አይቆይም። የሚገድለው ግን በአመዛኙ ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን ከመተኛት ብዛት የሚመጣው የገላ ቁስልና የሽንት መመረዝ ነው። ጉትማን በሽተኞቹ ቀን ከሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፤ ከዚያም ነቅተው እንዲቀመጡ፣ ቀጥሎም ስፖርት እንዲሠሩ። ስፖርቱ ለጨዋታ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ቀስት መሳብ ትከሻን፣ ጀርባንና ክንድን ያጠነክራል፤ ሰው ራሱን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሻግርበትም ያው ጡንቻ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 የቀድሞ ወታደሮች በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ ወንበራቸው ላይ ሆነው በቀስት ተወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ሜዳ የበቀለ ነው።

ይህን ሳገላብጥ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ እዚያው ሮም፣ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች ውድድራቸውን ጀመሩ። ቶኪዮ ላይም እንዲሁ ነው፤ አበበ ጥቅምት 1964 አሸነፈ፣ እነሱ ኅዳር ላይ ተወዳደሩ። ክብደት ማንሳት በፓራሊምፒክ የገባውም ያን ጊዜ ቶኪዮ ላይ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የጉትማን ሰዎች በዚያው ከተማ አበበን ተከትለው መጥተዋል። በ1968 ሜክሲኮ አላስተናግድም ስላለች ውድድሩ ቴል አቪቭ ተደረገ፤ ከተወዳዳሪዎቹም ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እስቲ ስማቸውን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ! እኔም አላወጣሁም።

ስለ አበበ ጽናት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ቶኪዮ ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ አርባ ቀን ሳይሞላው ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አዲስ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን ወደ ላይ እያነሳ ጅምናስቲክ ይሠራ ነበር። (እኔን ያቃተኝ ያው እግር ማንሳት መሆኑን ልብ በሉልኝ።) ግሩም ታሪክ ነው፤ መጨረሻው ያምራል። ታመመ፣ ዳነ፣ አሸነፈ። ለግድግዳ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

የስቶክ ማንደቪሉ ታሪክ ግን እንዲህ አያልቅም። «በርትተህ ከሠራህ ትመለሳለህ» የሚባለው ነገር እዚያ አይሠራም፤ አበበ የቱንም ያህል ቢበረታ አይሮጥም፣ አይራመድምም። ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ክንዱ ወንበሩን እንዲገፋለት፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥለት ነው የሚለፋው። ሐምሌ 1970 እዚያው ስቶክ ማንደቪል ተመልሶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ በእንግድነት ቢጋበዝ እንግድነቱን ትቶ ውድድር ውስጥ ገባ፤ ውርጭ እንጂ የኖርዌይን ዓይነት በረዶ የማያውቅ የሸዋ ደጋ ልጅ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ተቀብሏል። እኛ ዘንድ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ካልን በኋላ ብዙውን ጊዜ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። እሱ ብሎት ሲያበቃ ቀስቱን ይስባል።

ረጅም ዕድሜም አላገኘበትም። ጥቅምት 1973 ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ፣ በ41 ዓመቱ አረፈ። ከአደጋው በኋላ የኖረው አራት ዓመት ተኩል ነው። እግሩ ካልተመለሰ፣ ዕድሜው ካልረዘመ ታዲያ ለምን ለፋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ያገኘሁት ነገር ቢኖር ይህን ብቻ ነው፦ እነዚያን ዓመታት እየተወዳደረ ነው የኖራቸው። በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በክብር እንግድነት ሲገባ ስታዲየሙ ተነስቶ አጨበጨበለት፤ ከማራቶን ሽልማቱ በኋላ አሸናፊው ፍራንክ ሾርተር ወደ ወንበሩ ሄዶ ጨበጠው።

የኔ እግር እንደ ሐኪሙ አባባል የሚድን ነው። ይህን ሳስብ ዝናቡም እንግዳውም ሰበብነታቸው ቀለለብኝ። አበበ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀስት ሲስብ የተነሳውን ፎቶ አሳትሜ ወደ ጂሟ ተመለስኩ። ፊቱ ላይ ምንም ፈገግታ የለም፤ ዓይኑ ዒላማው ላይ ነው፣ ትከሻው ተወጥሯል።

አሠልጣኙ ፎቶውን ተቀብሎ ቆይቶ አየው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ማነው?»

«አበበ ቢቂላ።»

«የትኛው አበበ ቢቂላ?»

ከሯጩ አጠገብ ለጠፈው። አንዳንድ ልጆች ብረታቸውን አስቀምጠው መጥተው ያዩታል፣ ምንም ሳይሉ ይመለሳሉ። እኔ ከሁለት ኪሎ ተነስቼ አራት ኪሎ ደርሻለሁ። ስድስት ኪሎ ግን፣ ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩበት ሰፈር መሆኑ ነው፣ ገና አልሞከርኩትም።