ከማሳው ስር ያለው የማን ነው?

እኛ አገር መሬቱም ማዕድኑም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አሜሪካ ግን ገበሬው ከማሳው ስር ያለውን ነዳጅ አከራይቶ ሊከብር ይችላል። እስቲ ሰሜን ዳኮታን እንይ። ቲዮጋ አጠገብ ነዳጅ የተገኘው በ1951 (እ.ኤ.አ.) ነው። ባከን የሚባለው አለት ስሙን የወሰደው ከአካባቢው ገበሬ ነው። ነዳጁ ግን ከአለቱ አልላቀቅ ብሎ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስጠበቀ። በ2000ዎቹ አጋማሽ አግድም ቁፋሮና አለትን በውሃ ግፊት መሰንጠቅ ሲጣመሩ ኩባንያዎች ውል ይዘው በየደጁ ደረሱ።

ገበሬው ይፈርማል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፣ ይጠብቃል። ሳይቆፈር ቀነ ገደቡ ካለፈ ውሉ ያበቃል፤ ነዳጅ ከወጣ ድርሻ አለው። የሚያሳዝነን የማዕድን መብቱ ድሮ የተሸጠበት ነው፤ ቦቴው በእሱ ማሳ ያልፋል፣ ቼኩ ሌላ ቤት ይገባል። በ2014 ዋጋው ሲያሽቆለቁል ባለድርሻውም ቼኩ ሳሳበት። እኛ ላም አለኝ በሰማይ እንላለን፤ የእነሱ ላም ከምድር በታች ናት።