ኤሊ ያስተማሩ ልጆች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በ1928 ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ውስጥ ሲይሙር ፓፐርት የሚባል ልጅ ተወለደ። ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አፉን የፈታው በመኪና ዕቃ ስም ነው ማለት ይቻላል። ካምቢዮ ይላል፣ በተለይ ደግሞ ዲፈረንሻል ይላል። ከፍ ሲል ጥርሳም ክቦችን እያጋጠመ ያሽከረክር ጀመር፦ ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ስንቴ ይዞራል? የማባዛት ሠንጠረዥ ሲመጣ ጥርሶቹ አእምሮው ውስጥ ነበሩ፤ ሁለት ያልታወቁ ያሉበትን እኩልታ ሲያይ ዲፈረንሻሉ ትዝ አለው። ይህን ራሱ ጽፎታል። የእኛስ ሰፈር ልጅ፣ ከሽቦ መሪ ከቆርኪ ጎማ ሠርቶ የሚነዳው፣ የሂሳብ ክፍል ሲገባ መኪናውን በር ላይ አስቀምጥ አይደል የሚባለው?

ፓፐርት አደገ፣ የሂሳብ ሊቅ ሆነ፣ ጄኔቫ ሄዶ ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ከሚያጠናው ከዣን ፒያዤ ጋር ሠራ፤ ከዚያም አሜሪካ፣ ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ያኔ ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ የሚይዝ፣ ዋጋው የማይቀመስ ማሽን ነበር። ለልጅ እንስጠው የሚል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። እነፓፐርት ግን አሉ! ከዋሊ ፎየርዛይግ፣ ከሲንቲያ ሰለሞንና ከዳንኤል ቦብሮው ጋር ሆኖ ፓፐርት በ1967 ሎጎ የተባለ የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ።

ቋንቋው ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ማሳቹሴትስ፣ ሌክሲንግተን የሚገኝ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ፓፐርት ወደ ሂሳብ ክፍል ሲያልፍ የሥነ ጥበብ ክፍሉን ያያል። ልጆቹ ሳሙና ይቀርጻሉ። የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ቀኑ ሲያልቅ ያስቀምጡታል፣ በማግስቱ ይቀጥላሉ፣ አንዱ የሌላውን አይቶ ይተቻል፣ ያሻሽላል። ጎረቤት ያለው የሂሳብ ክፍል ውስጥስ? ጥያቄ ይሰጣል፤ አገኘህ ወይ አላገኘህም፤ ቀጥል። ሰውየው ቀና። ሂሳብም ለምን እንደ ሳሙናው አይሆንም አለ።

ኤሊዋ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ጎማ ያላት፣ ከሆዷ ሥር እስክሪብቶ የተሰካባት ትንሽ ሮቦት ናት። ልጁ በሎጎ «100 ወደፊት» ብሎ ሲጽፍ ትሄዳለች፤ «90 ወደ ቀኝ» ሲል ባለችበት ትዞራለች። እነዚህን ሁለቱን አራት ጊዜ ደጋግማ፤ አራት ማዕዘን ወረቀቱ ላይ ቁጭ!

ሦስት ማዕዘን ላይ ግን ጉድ ፈላ። ልጁ የእኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ማዕዘኑ 60 መሆኑን ተምሯል፤ 60 ብሎ ያዛታል። ኤሊዋ ሦስት ጎን ስላ አፉን የከፈተ ቅርጽ ትታ ትቆማለች። እኛ ብንሆን ቀይ ኤክስ አድርገን ደብተሩን እንመልስ ነበር። እዚያ ግን የሚባለው «ተነሥ፣ አንተው ኤሊ ሁንና ሂድበት» ነው። ልጁ በእግሩ ይሄዳል። ዞሮ ወደተነሣበት ፊቱን ሲመልስ አንድ ሙሉ ዙር፣ 360 ዲግሪ ዞሯል፤ ለሦስት ሲካፈል 120! የዞረው በውጭኛው ማዕዘን ነው፤ 60ው ያለው በውስጥ በኩል ነው።

አሁን ቤት እንሥራ። አራት ማዕዘኑን ግድግዳ፣ ሦስት ማዕዘኑን ጣሪያ አድርጎ ያገናኛቸዋል። ጣሪያው ቤቱ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋደመ! ለምን? ኤሊዋ ግድግዳውን ጨርሳ የቆመችው ታች፣ መሠረቱ ጥግ ላይ ነዋ። በመካከል «100 ወደፊት፣ 30 ወደ ቀኝ» ብሎ ሲያስገባ ጣሪያው ቦታው ላይ ቂብ ይላል። የትኛው መሐንዲስ ነው የመጀመሪያ ንድፉ ጣሪያ ያልወደቀበት?

ፓፐርት በ1980 «ማይንድስቶርምስ» የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ የመጫወቻ ኩባንያው ሌጎ በ1998 ለሮቦት መጫወቻው የመጽሐፉን ስም ወሰደ። በ2007 ደግሞ ኤምአይቲ ውስጥ ስክራች የተባለ የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ወጣ፤ የሎጎ የልጅ ልጅ በሉት።

የእሱ ሐሳብ አገራችንም ደርሷል። ፓፐርት ከጠንሳሾቹ አንዱ የነበረበት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በ2012 ገደማ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት በካርቶኑ እንደታሸገ ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ አገኘ፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት። ወሬው አስተማሪ አያስፈልግም ለማለት ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ሦስት ማዕዘኑ እምቢ ያለውን ያንን ልጅ «ተነሥ፣ ሂድበት» ያለው ሰው ነበርና። ደግሞም ካሜራውን በስንት ወር እንደከፈቱት ከሚነገረኝ፣ ከፍተው ምን እንዳነሡበት ቢነገረኝ ይሻለኝ ነበር።