ጎባ ያየሁት ጎራዴ

ሮቤ ታሪክ ሳስተምር ጎባ የሚኖሩ አንድ ሐጂ ከግድግዳቸው ጎራዴ አውርደው አስያዙኝ። «ልጄ፣ ይህ የኢማም አህመድ ዘመን ሰይፍ ነው። ጎባጣነቱን አታይም? የዐረብ ነው» አሉኝ።

እንዲህ ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። በ1530ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢማሙ ጦር ባሌን ይዞ ነበር፤ የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህም ሰይፍና ጥሩር ደጋግሞ ያነሳል። ጎባጣነት ግን ምስክር አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ የእስልምና ዘመን ሰይፎች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ያሉት የነቢዩና የሰሃቦች ናቸው የሚባሉት ሰይፎችም እንደዚያው። ጽሑፍም ቢሆን ያሳስታል። የኢስፋሃኑ አንጥረኛ አሰዱላህ ስም እሱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ በተሠሩ ሰይፎች ላይ ሳይቀር ተቀርጾ ይገኛል።

ጎራዴውን ወደ መስኮቱ ወስጄ በጎን ብርሃን አየሁት። ብረቱ በአሸዋ ተፈትጎ ተፈትጎ አልቋል። ከእጀታው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ግን የአንበሳ ጅራት ታየኝ፤ ቀጥሎ «ም»፣ ቀጥሎ «ል»። ምኒልክ! እንዲህ ያሉትን ብረቶች ጀርመን አገር የሚገኙት የዞሊንገን ፋብሪካዎች ለኢትዮጵያ ገበያ ይሠሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡት ከ1889 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጦራቸው ባሌ ሲገባ ጎባ የወታደር ከተማ ሆነች።

እጀታው ሌላ ታሪክ አለው። የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ የአገር ሰው የሠራው፣ በሁለት ምስማር የተያዘ። አፎቱ ደግሞ በዕድሜ ከሁለቱም ያንሳል፤ ቆዳው በቅርቡ በናይለን ክር ተሰፍቷል። ሐረር ሸሪፍ ሙዚየም ካሉት ሰይፎች ፊት ስቆምም የማስበው ይህንኑ ነው፦ ብረቱ፣ እጀታውና አፎቱ ለየብቻ ዕድሜያቸው መጠየቅ አለበት።

ሐጂ ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ ግን አባታቸው ጎራዴውን ጎባ ገበያ በሁለት ጊደር እንደገዙት ነገሩኝ። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቃቸውም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ቤታችሁ ጎራዴ ያላችሁ የባሌ ሰዎች፣ እባካችሁ በአሸዋ አትፈትጉት። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣም ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጻፉ።