ጨው እና የቤኒሻንጉል ወርቅ

አሶሳ ውስጥ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የብር ኖት ስቆጥር አሞሌ ጨው ትዝ ይለኛል። ጨው ለዘመናት የሀገራችን ገንዘብ ነበር፤ የዚህን ምድር ወርቅም ገዝቶበታል። ያው ጨው ግን እሳት ሲያገኘው ማዕድንን የሚበላ ነገር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ግሪካዊው አጋታርኪደስ፣ በግብጽና በኢትዮጵያ ወሰን ስለነበሩት የወርቅ ጉድጓዶች ይተርካል። ወርቁ ከእርሳስ፣ ከጨው፣ ከጥቂት ቆርቆሮና ከገብስ ፉርሽካ ጋር በሸክላ ማሰሮ ተመርጎ አምስት ቀንና አምስት ሌሊት ይነድድበት ነበር። ምሥጢሩ እነሆ፦ ከመሬት የሚወጣ ወርቅ ብር ሳይቀላቀልበት አይገኝም ማለት ይቻላል። ጨው በ801 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ወርቅ ግን እስከ 1064 ይታገሣል። በግለቱ ከጨው የሚለየው ክሎሪን ብሩን ለቅሞ ይይዘዋል፤ ብሩም ራሱ ጨው ሆኖ ወደ ሸክላው ይሰርጋል። ወርቁ ይቀራል። (ለእኛ ለባንክ ሰዎች በብር መሸነፍ መደሰት አይገባም ነበር!)

ይኸው ጸባይ ዛሬ የአውሮፕላን መሐንዲሶችን ያስጨንቃል። ሶዲየም ሰልፌት የተባለው ጨው በ884 ዲግሪ ቀልጦ በተርባይን ስለት ላይ ሲለጠፍ፣ የኒኬሉን ቅይጥ የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን አሟሙቶ ማዕድኑን ለእሳቱ ያጋልጠዋል።

በዐፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ ስለ ሳሱ ጽፏል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ሳሱን በፋዞግሊና በቤኒሻንጉል አካባቢ ያስቀምጧታል። ከአምስት መቶ የሚበልጡ የአክሱም ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዱ ነበር። የእሾህ አጥር አጥረው በላዩ ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን ያኖራሉ። ያገሬው ሰው መጥቶ ግብጦ የሚያህል ወርቅ በፈለገው ዕቃ ላይ አስቀምጦ ይርቃል። ነጋዴው ወርቁ ከበቃው ያነሣል፤ ካልበቃው ይተወዋል። ያን ጊዜ ባለወርቁ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቃል አይለዋወጡም።

እኔን የሚማርከኝ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው፤ ወርቁን መልሶ ማንሣት። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ የአሶሳው ሼክ ሖጀሌ አልሐሰንና ሌሎች የአካባቢው ገዢዎች ለአዲስ አበባ ወርቅ ይገብሩ ጀመር። በዚያ ግብር ውስጥ አጥሩ ፈርሷል። ዋጋው ያልተስማማው ባለወርቅ ዘወር ብሎ የሚጠብቅበት ጥግ አልነበረም።